አሲድ ውስጥ የገባው ቀለበቴ

እንደ ውሃ የጠራ ነገር ያስፈራኛል። የደፈረሰውማ ምን አለበት? ደፍርሶ ይታያል፤ ሰውም ተጠንቅቆ ያልፈዋል። ኩልል ብሎ የሚጠብቃችሁ ግን ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። ይህን የምለው የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምራትም ነኝ።

ነገሩን የጀመረው አይጥ ነው። ቡሬ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ በውሃ የሟሙ ጨዎች የያዙ አራት ጠርሙሶች ነበሩን። ጨው ስል ወጥ ውስጥ የሚገባውን ብቻ አይደለም፤ ኬሚስትሪ ጨው የሚለው ዘመደ ብዙ ነው። አንዱ ክሎራይድ፣ አንዱ ሰልፌት፣ አንዱ ካርቦኔት፣ አንዱ ናይትሬት፤ አራቱም ሲያዩዋቸው ውሃ ናቸው። ስማቸውን በወረቀት ጽፌ የለጠፍኩት እኔው ነበርኩ፤ ማስቲሽ ስላለቀ በስንዴ ዱቄት ሙጫ። የቡሬ አይጥ ደግሞ የእህል ገበያ አይጥ ነው፣ ምን ያመልጠዋል? ወረቀቱን ከነሙጫው ጥርግ አድርጎ በልቶ አራቱንም ስም አልባ አደረጋቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋቸው ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ በደስታ እጄን አጨበጨብኩ! ዓርብ ዕለት አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ሰብስቤ፣ እነዚህ አራት ጠርሙሶች ማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም፣ ዛሬ አብረን እናወጣጣቸዋለን አልኳቸው። አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምተው ስለማያውቁ ክፍሉ ቀጥ አለ።

ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀድተን አሲድ ጠብ አደረግንበት። አንደኛው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋውን አወጣ፤ ካርቦኔት! ክፍሉ ጮኸ። ከቀሩት እንደገና ቀድተን ባሪየም ክሎራይድ ጨመርንበት። አንደኛው ነጭ ሆነ፣ ወተት በሉት፤ ሰልፌት! አሁንማ የኋላዎቹ ወንበር ላይ ቆመዋል። ሁለት ጠርሙስ ቀረ። ክሎራይዱን ከናይትሬቱ የሚለየው ሲልቨር ናይትሬት ነው፤ አንድ ጠብታው ክሎራይድ ሲያገኝ ነጭ ደመና ይሠራል። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሱን አነሳሁት፣ ባዶ። ገለበጥኩት፣ ባዶ።

እንየው የሚባለው፣ የክፍሉ ፈጣን፣ ቲቸር ምን አስጨነቀዎት፣ አንዱ የገበታ ጨው ከሆነ ቀምሰን አንለየውም ወይ ብሎ ጣቱን ወደ ጠርሙሱ ሰደደ። ቤተሰቦቹ ጤፍና ኑግ የሚነግዱ ናቸው፤ እህል የሚያውቁት አፋቸው ውስጥ ቆርጥመው ነው። እጁን አፈፍ አድርጌ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚቀመስ ነገር የለም፣ የቀመሰውን ዓይኔ አይየው አልኩት። እጁን ስይዝ የራሴን እጅ አየሁ። ጣቴ ላይ ቀለበት አለ። የብር ቀለበት።

ስለ ቀለበቱ ልንገራችሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የሠርጌ ዕለት፣ አማቴ እማማ ይታይሽ በሰው ፊት ጣቴ ላይ ያጠለቁልኝ ነው። ከቅድመ አያታቸው የወረደ፣ ጥሩ ብር፣ በአገራቸው በፈረስ ቤት አምሳያ የሌለው ተብሎ ተመርቆበታል። ቤቴ ሲመጡ ጉንጬን ከመሳማቸው በፊት ጣቴን ያዩታል። እሳቸው ደግሞ በማግሥቱ ቅዳሜ ሊመጡ ነው።

ብር በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ ምን ይሆናል? ሲልቨር ናይትሬት! ታዲያ ጠርዙን ብቻ፣ ለአፍታ ብቻ ብነክረው ማን ያውቃል? አርባ ልጅ ዓይኑን አፍጥጦ ሲጠብቃችሁ እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መስኮቱ ጋ ሄጄ በመቆንጠጫ ይዤ ነከር አደረግኩት። ቡናማ ጭስ ቡን ሲል ክፍሉ በአንድ አፍ ወይኔ አለ፤ እኔም ደነገጥኩ፤ ቀለበቱ ጥልቅ።

ጭሱ ሲያባራ ቀለበት የለም። ፈሳሹ ግን አረንጓዴ ነው። ብር ሲሟሟ እንዲህ አይልም፣ እንደ ውሃ ይጠራል እንጂ! ከሁለቱም ጠርሙሶች ጠብ አደረግንበት፤ ደመና የለም፣ ምንም የለም። እንየው እጁን አውጥቶ፣ በጣም በትሕትና፣ ቲቸር ይቅርታ ያድርጉልኝና ብሩ ብር ባይሆንስ አለኝ። አሞኒያ ጨመርኩበት። ምን የመሰለ ሰማያዊ ሆነ መሰላችሁ! መዳብ! ላዩን ነጭ ተለብጦ ብር የመሰለ መዳብ! ልጆቹ እልል አሉ፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የሰመረ ሙከራ አይቼ አላውቅም። የማን ቀለበት እንደሆነ ትዝ ያለኝ እልልታው ካለቀ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ጠፋ በያቸው አለኝ። ቢጠፋብኝ ቸልተኛ ነኝ። አቀለጥኩት ብል እብድ ነኝ። መዳብ ነበር ብልማ ዘራቸውን ሰደብኩ፤ ትዳሬም አበቃለት። ቅዳሜ ሚኒባሱ ሲያወርዳቸው እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ተቀበልኳቸው። እንደ ልማዳቸው እጄን ሳብ አድርገው ጣቴን አዩ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አሲዱን፣ ጭሱን፣ አረንጓዴውን፣ በመጨረሻም ዓይኔን ጨፍኜ፣ እማማ ይማሩኝ፣ መዳብ ነበር አልኳቸው።

እማማ ይታይሽ መንገድ መሃል ቆመው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ቀለበት አወጡና ጣቴ ላይ አጠለቁ። ብሩ ይኸ ነው፣ እኔው ጋ ነበር አሉ። ያኔ ስትመጪ ከላይ ከማየት በቀር ማንነትሽን በምን አውቄ ልስጥሽ? አሁን እውነቱን ፊት ለፊት ነገርሽኝ፤ ይብቃ፣ ያንቺ ነው አሉኝ።

እንባዬ መጣ። እኔ ጨው በአንድ ጠብታ ስለይ እሳቸው እኔን ለመለየት ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ቢሆንም አለፍኩ! ላቅፋቸው ስል ግን ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ ለሌሎቹ ሁለት ምራቶቼ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ እነሱን ገና እያየኋቸው ነው አሉኝ።

ትልቋ ምራታቸው አምና ልጇን ድራለች።