ሰርዲኗ ተመራማሪ

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በዲፓርትመንታችን ስብሰባ ላይ። ከምሳ በኋላ ነበርና አጀንዳ ሁለት ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። አጀንዳ ሦስት የእኔ ጉዳይ ነበር፦ «የውቅያኖስ ዝውውር የሒሳብ ጥናት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ?» ስድስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። የሕንድ ውቅያኖስ ሲሞቅ የእኛ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ በቀመር የምፈልግ እኔ ነኝ።

በሕልሜ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን እግሩ ሥር ዘርግቶ ይሄዳል። እኔም በጃንጥላዬ እየተንሳፈፍኩ ክፍሌ ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ ይዞ ጠበቀኝና ግንባሬ ላይ ቀመር ጻፈብኝ።

«ፍታው!» አለኝ።

«ግንባሬ ለእኔ አይታየኝም እኮ!»

«ተማሪ ሁሉ ሰበብ አያጣም» አለና በዳስተር አጠፋኝ።

ከዚያ ጠፍቼ ባሕር ውስጥ ብቅ አልኩ። ዓሦች ክራባት አስረው ተሰብስበዋል። ሰብሳቢው ኤሊ ነው። አንዲት ደቃቃ ሰርዲን ፊታቸው ቆማ ጥናቷን ታቀርባለች፤ ርዕሱ «የሰው ልጅ ዝውውር በአዲስ አበባ» ይላል።

«ሰዎቹ ጠዋት በጅምላ ወደ ሜክሲኮ ይፈስሳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ» አለች። «መገናኛ ላይ ኃይለኛ አዙሪት አለ። ምክንያቱ ገና አልተደረሰበትም።»

ቀመሯን ሳየው የእኔው ቀመር ነው! ደስታ አሰከረኝ።

ኤሊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅት ሰርዲን፣ ቅር እንዳይልሽ። ሰው በሌለበት ባሕር ሰው ማጥናት ምን ይፈይድልናል? ስንት አንገብጋቢ ጉዳይ እያለ!»

«ጌታዬ፣ ጭሳቸው እኮ እየቀቀለን ነው!» አለች። አንጀቴን በላችው።

«እንግዲህ ድምፅ እንስጥ። ጥናቱ ይቀጥል የምትሉ?»

አንድም ክንፍ አልተነሳም። እኔ እጄን እስከምችለው ድረስ ወደ ላይ ሰቀልኩ። ሰርዲኗ አይታኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ዶክተር ትርሲት በክርኗ ጎሰመችኝ። ነቃሁ። እጄ እንደተሰቀለ ነው። የእሷም አንድ እጇ ተሰቅሏል። ሰብሳቢያችን ዶክተር ወንዳፍራሽ በእስክሪብቶ እየጠቆሙ ይቆጥራሉ።

«አጀንዳ ሦስት፣ ይዘጋ የምትሉ... አሥር፣ አሥራ አንድ...» እኔ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ፊታቸው በራ። «አሥራ ሁለት! ባለ ጉዳዩ ዶክተር ጸጋአብ ራሳቸውም አምነውበታል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ቤቱ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበልኝ።