ኮምፒውተር ውስጥ የጠፋችው ልጅ

ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስከፍት ጨዋታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመሬት ጉዳይ የሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ኮምፒውተራችንን የሚጠግንልን ዳዊት የሚባል ወጣት አንድ ቀን በፍላሽ ጌም ይዞ መጣ። ከፈተው። ምን ወጣ? ዴስክቶፕ። ፎልደሮች፣ ጥግ ላይ ሰዓት፣ የቆሻሻ ቅርጫት፤ ያው ቀኑን ሙሉ የማፈጥበት ነገር። ለካ አንዲት ልጅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጠፍታለች። ተጫዋቹ ፎልደር እየከፈተ፣ የፋይል ስም እየቀየረ፣ የተጣለውን እየበረበረ ይፈልጋታል። መተኮስ የለ፣ መሮጥ የለ፣ ኳስ የለ።

«ይሄ ተራ ጌም አይደለም። የሙከራ ሥራ ነው፣ ጥበብ ነው» አለኝ ዳዊት።

እስቲ አስቡት። እኔ የጠፋ ፋይል ስፈልግ ስንት ዓመቴ ነው? አንድም ሰው ጥበበኛ ብሎኝ አያውቅም።

ይሁን። ጉዱ የመጣው ኃላፊያችን አቶ አንለይ ያዩት ቀን ነው። እሳቸው ኮምፒውተር የሚነኩት አቧራውን ለመጥረግ ብቻ ነበር፤ ደብዳቤያቸውን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ቁጭ አሉ፣ አልተነሡም። በማግስቱ ዳዊትን አጠገባቸው አስቀምጠው በራቸውን ዘጉ። ጨዋታው ሥራ ስለሚመስል በድንገት የገባ ሰው እንኳ ሲሠሩ ነው የሚያገኛቸው። አንድ የወረዳ እንግዳ «ዘመናዊ ሆኑ እኮ» ብሎ አሞግሷቸው ሄደ።

ውጭ አግዳሚው ላይ እማማ ስመኝ ተቀምጠዋል። ከሮብ ገበያ በኩል የመጡ ባለጉዳይ ናቸው። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ ማሳቸውን ሊዘራው ተነሥቷል። ሰውየው መሬቱን እንዳይነካ የሚያዘውን ደብዳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረው የአቶ አንለይ ፊርማ ነው። በሩ ደግሞ ስስ ነው፤ የውስጡ ወሬ ውጭ ይሰማል።

«እዚህም የለችም» ይላሉ አቶ አንለይ።

«ጥለዋት እንዳይሆን፤ ቆሻሻው ውስጥ እንያት» ይላል ዳዊት።

እማማ ስመኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አጠገባቸው ያሉት ባለጉዳዮችም ወሬያቸውን አቆሙ። ደብዳቤውን ላስፈርም ብነሣ እማማ ስመኝ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ የኔስ ይደርሳል። መጀመሪያ ልጅቱ ትገኝ።»

«እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አልኳቸው።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ልጅ አልወለድህም መሰለኝ» አሉ።

አግዳሚው ሁሉ በክፉ ዐይን ሲያየኝ ዋለ። ሴትየዋ በማግስቱም መጥተው ጠበቁ፤ እንዲያውም ለልጅቱ ስለት ተስለዋል አሉ።

ዐርብ ከሰዓት በሩ ተከፈተ። አቶ አንለይ ዐይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው ግን በርቶ ወጡ።

«ተገኘች?» አሉ እማማ ስመኝ ብድግ ብለው።

«ተገኘች» አሉ አቶ አንለይ። ሴትየዋ ከየት ሰሙ ብለው እንኳ አልጠየቁም።

እማማ ስመኝ እልልታቸውን አቀለጡት። «መንግሥት ለሰው ልጅ እንዲህ ይጨነቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። እግዜር ይስጥልን» አሉ።

አቶ አንለይ ኮታቸውን አስተካከሉ። «ሥራችን ነው» አሉና ደብዳቤውን ፈረሙ።

በሚቀጥለው ሳምንት እማማ ስመኝ ተመልሰው መጡ። ደብዳቤውን ይዘው ሲደርሱ ጎረቤትየው ማሳውን አርሶ፣ ዘርቶበት ጠብቋቸዋል። ይህንኑ ለአቶ አንለይ ሊነግሩ ነበር አመጣጣቸው። በሩ ዝግ ነው። ዳዊት ለኃላፊያችን የጨዋታውን ሁለተኛ ክፍል አምጥቶላቸዋል።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ እማማ ስመኝ።

እውነት መናገሩ ከዚህ በፊት ምን እንዳተረፈልኝ አይታችኋል። «ወንድ ልጅ ጠፍቶ ነው» አልኳቸው።

ከንፈራቸውን መጠጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።