ሊቀ ወይን ይድነቃቸው

በየሰፈሩ፣ ለሥልጠና ሁለት ሳምንት ውጭ አገር ደርሶ መጥቶ ዕድሜ ልኩን እኛን የሚያሠለጥን አንድ ሰው አይጠፋም። አያት ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ ዕጣ የደረሰው ለጎረቤታችን ለሒሩት ባል ለአቶ ይድነቃቸው ነው። ሰውዬው የውሃ ፓምፕ መሐንዲስ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ፖርቱጋል የላከውም ፓምፕ እንዲማር ነበር። እሱ ግን ቪኞ ቨርዴ ከሚባል የወይን አገር ሊቀ ወይን ሆኖ ተመለሰ። ስለ ፓምፑ እስካሁን ትንፍሽ አላለም።

"ወይን አይጠጣም፣ ይደመጣል!" ይላል። ልደት ሲጠሩት ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አንስቶ ዓይኑን ያጨነቁራል። ለቅሶ ቤት ውሃ ሲሰጡት እንኳ አሽትቶ ነው የሚጎነጨው። ሒሩት "ኧረ በሕግ አምላክ!" እያለች ጎኑን ትጎስመዋለች።

ይህም በሳቅ ያልፍ ነበር፤ ባለፈው ጥር በታላቅ ወንድሙ በአቶ ወርቅአየሁ ልጅ ሠርግ ላይ አበላሸው እንጂ። ሊቀ ወይን በዕድምተኛው ፊት ጠጁን ቀመሰና "ይቅርታ፣ ሚዛን ይጎድለዋል" አለ። ጠጁን የጣሉት ደግሞ ራሳቸው አቶ ወርቅአየሁ! ከዚያ ወዲህ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ አያት እግራቸውን አላነሱም። ይድነቃቸው ግድ የሌለው ይመስላል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን "ጋሼ ነው?" ይላል። ይህ የሒሩትን አንጀት በላ። ስታባብል ከርማ ወንድምየውን ለእሁድ ምሳ እሺ አሰኘች።

ጋሼ መጡ። ሒሩት ዶሮ ወጡን ልታቀርብ ስትል ባሏ "በርበሬ ምላስ ያደነዝዛል፤ መጀመሪያ ቅምሻ!" ብሎ አገዳት። እያንዳንዳቸው ከአንድ የወይን ዘር ብቻ የተጠመቁ ሦስት ነጭ ወይኖች ከፈተ፦ ሎሬሮ፣ አቬሶ፣ አልቫሪኞ። ከሎሬሮው ለጋሼ የብርጭቆውን ታች በቅጡ የማያረጥብ ቀዳላቸው። ለራሱም ቀዳ፤ ተጉመጠመጠበትና ሾርባ ሳህን ውስጥ እንትፍ!

ጋሼ ክው አሉ። ጋባዥ ቀድሞ የሚቀምሰው መጠጡ ደህና መሆኑን ለእንግዳው ሊያሳይ ነው። ቀምሶ የተፋውን ማን ይጠጣል?

"አንተ የተፋኸውን ነው ለኔ የምትሰጠኝ? እሱንም በጠብታ?" ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ።

"አይ ጋሼ፣ የቅምሻ ሥርዓቱ እኮ ቀምሶ መትፋት..."

ሒሩት አላስጨረሰችውም። ለእሷ እንኳ ሲሰስተው የከረመውን አልቫሪኞ አንስታ የጋሼን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላችው። "በሞቴ፣ ይቀመጡ ጋሼ!" የባሏንም ሞላችና በዓይኗ "ጠጣ" አለችው።

ሊቀ ወይን የሞላውን ብርጭቆ አየ፣ ወንድሙን አየ። ሳያሸት፣ ሳያጨነቁር፣ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"ጋሼ፣ ጠጁ ምንም አልነበረውም። እኔ ነኝ የቀበጥኩት" አለ።

አቶ ወርቅአየሁ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ተቀመጡ። አንዴ ተጎነጩ፤ ደገሙ።

"ማን ይሉታል ይሄን?"

ይድነቃቸው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። እንባው ቀደመው።

"አልቫሪኞ ይባላል፣ ጋሼ" አለች ሒሩት ቶሎ ብላ። "ኮክ ኮክ ይሸታል። ምላስ ላይ ትንሽ ጨው ይተዋል፤ ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ነው። ደግሞ ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚጣፍጠው፣ በጣም ሲበርድ ግን ሽታው ይጠፋል..."

ባሏ አፉን ከፍቶ አያት። እሷም ለራሷ ገረማት፤ እንዳልሰማች ስትሆን የከረመችውን የባሏን የወይን ትምህርት ሁሉ አንድ ሳታጓድል በቃሏ ይዛዋለች።