ማስተር ሲራጅና የዳሂር ጣሪያ

ስደተኛ ባለበት ከተማ ሁሉ ሳይጠይቁት የሚመክር፣ ሳይታመሙ የሚያክም አንድ ሰው አይጠፋም። በሀርጌሳ ይህን ቦታ የያዙት ክቡር ማስተር ሲራጅ ናቸው። እንጀራቸው ግድግዳ መለሰን ነው። ሥራዎ ምንድን ነው ላላቸው ግን "ካራቴና የልብ ጸጥታ" ይላሉ።

ሰው ሁሉ "ማስተር" ሲላቸው ኢርፋን ብቻ በስማቸው ይጠራቸዋል። ድሬዳዋ አብረው አድገዋል፤ አሁን ሲሚንቶ የሚያቦካላቸው እሱ ነው። "ሳበው፣ ያዘው፣ ልቀቀው!" የሚለው የትንፋሽ ትእዛዛቸው አንገሽግሾታል። ራስ ምታት ያለበት አየር ይስባል። ልስኑ ተሰነጠቀ ብሎ የመጣ ባለቤትም መጀመሪያ አየር ይስባል። የኢርፋን እናት ማረፏ በተሰማ ቀን እንኳ "ኢና ሊላሂ" ብለው አቀፉትና ትንሽ ቆይተው "በል አሁን ሳበው" አሉት። ኢርፋን ያንን ይቅር አላላቸውም።

እሳቸው ራሳቸው ሚኒባስ ካመለጣቸው እስከ ማታ ይነጫነጫሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

ጁምዓ ጁምዓ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተከታዮቻቸውን አየር ማረፊያው ፊት ለፊት ወዳለው ራቁት ተራራ ያወጣሉ። እዚያ ቡጢና እርግጫ ይለማመዳሉ፤ ከዚያ ዓይን ተጨፍኖ ዝም ይባላል። ቦታውን የመረጡት ለጸጥታው ነው። የአገሩ ሰው ለምን ዝር እንደማይልበት አልጠየቁም።

የከተማው ተወላጅ ዳሂር በጦርነቱ ጊዜ ኮድቡር ሰፈር የነበረውን ቤቱን ከዚሁ አየር ማረፊያ የተነሳ አውሮፕላን አፍርሶበት እናቱ ጣሪያው ሥር ቀርተዋል። ከስደት ሲመለስ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ቤት አሠራ። የለሰኑትም፣ ቆርቆሮውን የመቱትም ማስተርና ኢርፋን ናቸው። ቤቱ አለቀ፤ ዳሂር ግን አልገባም። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቶ ያድራል። ጅግጅጋ ያደገችው ሚስቱ ኢልዋድ የመውለጃዋ ወር ሲቃረብ ጨነቃት።

"ማስተር፣ ልጄን ሜዳ ላይ አልወልድም" አለች። "ዳሂር ካልገባ እናቴ ዘንድ ጅግጅጋ እሄዳለሁ። ከሄድኩ ደግሞ አልመለስም።"

"ኢንሻአላህ የአንድ ጁምዓ ሥራ ናት!" አሉ ማስተር።

ዳሂር በጁምዓው ተራራው ላይ ወጣ። "ዓይንህን ጨፍን፣ ጆሮህን ለሰማይ ስጥ" አሉት። ጨፈነ። "ሳበው… ያዘው…" እያሉ ሳለ ከጅቡቲ የምትመጣው ትንሽ አውሮፕላን ልታርፍ ተራራውን ታካ አለፈች። ዳሂር በደረቱ ተደፋ፤ ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አፈር ነከሰ። አውሮፕላኗ ካረፈችም በኋላ አልተነሳም።

"ልቀቀው" የምትለው ቃል ከማስተር አፍ አልወጣችም። አጠገቡ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

"ስትመጣ ካላየኋት መሮጥ አልችልም" አለ ዳሂር፣ ፊቱን ከመሬት ሳያነሳ። "ቤት ውስጥ ደግሞ ሰማይ አይታይም።"

ኢርፋን ምክር ጠበቀ። ማስተር ግን ዓይናቸውን በጥቁር ቀበቷቸው ጫፍ ጠረጉ። ልፍለፋቸው የሰለቸውን ኢርፋንን ይህ አሳዘነው።

በማግስቱ ኢርፋንን መሰላል አሸክመው ኮድቡር ሄዱ። ጣሪያው ላይ ወጥተው ራሳቸው የመቱትን ምስማር ነቀሉ፤ ከመኝታ ቤቱ በላይ ሁለት ቆርቆሮ አነሱ።

"ልጅ በሚወለድበት ቤት ላይ ቀዳዳ?" ብላ ኢልዋድ ጮኸች።

"ዳሂር ሰማዩን ይየው። ዝናብ ሲመጣ እኔ መጥቼ በሸራ እሸፍነዋለሁ፤ ሲያባራ እገልጠዋለሁ።"

ያን ቀን ማታ ዳሂር ምንጣፉን ጠቅልሎ ገባ፤ ከቀዳዳው ሥርም አነጠፈው። እንቅልፍ ይውሰደው አይውሰደው አላህ ያውቃል። ኢልዋድ ግን ጅግጅጋ አልሄደችም።

ከዚያ ወዲህ ማስተር ደመና ባዩ ቁጥር ሥራ ጥለው ጅግጅጋ ያር ከሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ኮድቡር ይሮጣሉ። ስለ ትንፋሽ ያስተማሩትን ሁሉ መንገድ ላይ ይረሱታል። ኢርፋን መሰላል ተሸክሞ እየረገመ ይከተላል።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደበት ከሰዓት ማስተር ጣሪያው ላይ ነበሩ። ነፋሱ ሸራውን ይነጥቃቸዋል፤ ከሥር አራስ ልጅ ያለቅሳል። እግራቸው መሰላሉን ሲፈልግ ይስታል፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

ኢርፋን መሰላሉን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ሳበው፣ ማስተር" አለ። "ይዤልሃለሁ።"