ለግልፍተኛ ሦስት ምስክር

ስማኝማ ዳዊት። ቮይሱ ረጅም ነው፣ ቁጭ ብለህ ስማው። ሚዜዬ አይደለህ? ይሄም ሥራህ ነው። ሰው ራሱን ለመሆን ራሱ ይበቃል ብለህ ታስባለህ አይደል? እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳላስፈቅድ ታሪኩ ተብዬ ኖሬያለሁ። ለካ ታሪኩ የሆንኩት ወረቀቱ እጄ ላይ ስላለ ነው። ወረቀቱ የጠፋ ቀን ታሪኩም አብሮ ይጠፋል።

እንዴት ጠፋ? በቁጣ ነዋ፣ የኔ ነገር በሌላ በምን ይጠፋል? እዚህ ጆሃንስበርግ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሹፌሩን እዚህ ጋ አውርደኝ እለዋለሁ፣ እሱ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ይነዳል። ሁለት ፌርማታ አሳለፈኝ። ሲቆምልኝ የማውቀውን ስድብ በሦስት ቋንቋ አወረድኩበትና በሩን ድርግም አድርጌ ወረድኩ። በር መዝጋት ላይ መቼም ማንም አይደርስብኝም። ደረቴን ነፍቼ፣ ጦርነት እንዳሸነፈ ሰው፣ ሃያ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው ትከሻዬ የቀለለኝ። ለካ ቦርሳው የለም። ፓስፖርቱም፣ የመኖሪያ ወረቀቱም ከሙዚቃው ጋር ሄደዋል። ለሰርጌ አስራ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ሆሳዕና ከተማ የሙሽራዬ የጽዮን ቤተሰብ ድንኳን ይዟል፣ ቤተክርስቲያን ስማችን ተነግሯል፣ ሙሽራው ግን በሕግ ፊት የለም።

የኤምባሲያችን ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ በጣም ጨዋ ናት፣ ለመቆጣት እንኳን አትመችም። ወንድሜ፣ ሀገርህ የምትገባበት የጉዞ ወረቀት፣ ሊሴፓሴ እንሰጥሃለን፤ ግን የሀገራችን ልጅ መሆንህን የሚያውቁ፣ ፓስፖርት ያላቸው ሦስት ሰዎች ይዘህ ና አለችኝ። ሦስት ብቻ? ሳቄ መጣ። የሆሳዕና ልጅ እዚህ ሀገር ሦስት ምስክር ያጣል? መንገድ ላይ ቆመህ ሆሳዕና ብለህ ብትጣራ ሃያ ሱቅ በሩን ይከፍትልሃል።

ደጅ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩና ሰው መፈለግ ጀመርኩ። ዳዊት፣ ያልተጣላሁት ሰው የለም። ግማሹን እኔ ብሎክ አድርጌዋለሁ፣ ግማሹ እኔን ብሎክ አድርጎኛል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔማ አፋፉን አልፎ የኛ ልጆች የሚነግዱበትን ሰፈር፣ ሎኬሽኑን ሁሉ ዞሯል።

ፓስፖርትም ያላቸው፣ ዘሬንም የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ቀሩኝ። ጋሽ ላፌቦ፣ የጃጁራው፣ የእድራችን ሰብሳቢ፦ የእርስዎ ስብሰባ ከለቅሶው ይረዝማል ብያቸው ነው ከእድሩ ረግጬ የወጣሁት። ምህረቱ፣ የጎረቤታችን የሺንሺቾ ልጅ፣ ሱቁ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። በአንድ ኳስ ጨዋታ ተከራክረን፣ ሺንሺቾ ከተማ ሳትሆን መኪና ቆሞ ውሃ የሚጨምርባት መንገድ ናት ስላልኩት ስምንት ወር ሰላም አላለኝም። ሦስተኛዋ አስቴር ናት፣ ምግብ ቤት ያላት የጊምቢቹዋ። በበዓል አታካና ሠርታ ጠራችን። አታካና መቼም ታውቃለህ፣ ቡላው ቅቤ ላይ መንሳፈፍ አለበት። እኔ ሰው ፊት፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ ግድግዳ የሚመረግበት ብዬ ጠየቅኋት። አሁን ሳስበው ጥያቄው ልክ ነበር፣ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ጋሽ ላፌቦ ጋ ሄድኩ። ሻይ አዘዙልኝና፣ ተኳርፎ ምስክርነት የለም አሉኝ። ስንጣላህ እውነቱን እንቀንሳለን፣ ስንፈራህ እንጨምራለን፤ መጀመሪያ እርቅ። እሁድ ከጸሎት በኋላ ሦስቱም ተቀመጡ፣ እኔን አቆሙኝ። ይቅርታ አልኩ። በዚህ ያልቃል ስል አስቴር ሙሉ ሳህን አታካና ይዛ መጣች። ጨርሼ ድገሚኝ ማለት አለብኝ አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ የአሁኑ ላይ ቅቤ አልሰሰተችም። ድገሚኝ ያልኩት ከልቤ ነው፤ ይሄን ግን ለማንም እንዳትናገር። ምህረቱ ደግሞ፣ ሺንሺቾ ከተማ ናት በል፣ ጮክ ብለህ አለኝ። አልኩ። ትልቅ የሚለውን ጨምርበት አለ። ጨመርኩ። ሰርግ ያለበት ሰው ምን የማይለው አለ?

ሰኞ ቢሮ ገባን። ልጅቷ በምን እንደሚያውቁኝ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። እኔ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ታርቀናል፣ አሁን መልካም መልካሙን ይናገሩልኛል እላለሁ።

"ሺንሺቾን የሰደበበት አሰዳደብ የጎረቤት ነው" አላት ምህረቱ። "የሩቅ ሰው እንደዛ ጠንቅቆ መሳደብ አይችልም።"

አስቴር ቀጠለች። የአታካና ቅቤ ማነሱን ገና ከበር ላይ የሚያውቅ፣ የሀዲያ እናት ያሳደገችው ልጅ ብቻ ነው አለች። ጋሽ ላፌቦ ደግሞ፣ አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ ስብሰባ ረግጦ መውጣት ከሳቸው የወረሰው ነው አሉ። ልጅቷ እየሳቀች ትጽፋለች። እኔ እየጨስኩ ነው፣ ግን እንዴት ልቆጣ? ብቆጣ ማስረጃ እየጨመርኩላቸው ነው። ማህተሙ ሲመታ ግን ሦስቱንም አንድ ላይ አቀፍኳቸው። አለቀሰ ካሉህ ውሸት ነው፤ ጉንፋን ይዞኝ ነው።

አሁን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ጋሽ ላፌቦ፣ የፈረምኩለት ልጅ ነው፣ ኃላፊነት አለብኝ ብለው ትናንት ለጽዮን አባት ደወሉ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው ቢዘጉ ምን ነበረበት? የጽዮን አባት፣ ምን ብላችሁ መሰከራችሁለት ብለው ጠየቁ። ጋሽ ላፌቦ መዋሸት አያውቁም። ታክሲውን፣ ስድቡን፣ ብሎኩን፣ ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ዘረዘሩላቸው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። በቃ፣ ወረቀቱን አግኝቼ ሙሽራዋን አጣሁ አልኩ።

የጽዮን አባት ሰምተው ጨረሱ። ከዛ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ነገር ተናገሩ። አንተ ጎረቤታቸው ነህ ዳዊት፣ ሐሙስ አውሮፕላን ከመሳፈሬ በፊት ምን ማለታቸው እንደሆነ ንገረኝ። ያሉት ይሄንን ነው፦

"እሱስ፣ ስለኛ ልጅ አመል ማን መሰከረለት?"