የዳና ጉልበትና አረንጓዴዋ ፊት

«ደህና ነሽ?» ስንባል ለጥያቄው መልስ የምንሰጥ ይመስላችኋል? አንሰጥም። አገሬ ወረባቦ ሳለሁ አንድ አጎት ነበሩኝ። ከበቅሎ ወድቀው፣ እግራቸው በሸምበቆ ታስሮ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ጠያቂ ሁሉ በራፉ ላይ ቆሞ «አማን ነዎት?» ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ አማን ነኝ! እናንተስ? ከብቱ፣ አዝመራው?» ይሉ ነበር። ጠያቂውም የታሰረውን እግር እያየ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይቀመጣል። ስለ እግሩ ወሬ የሚጀመረው ሰላምታው ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው፤ እሱም በሹክሹክታ፣ በሚስታቸው በኩል። ሕመምን ከሰላምታ ማስቀደም ሞልቃቃነት ነዋ! የሰው ዓይንም አለ። አላህን ማማረርም ይመስላል።

ይህንን ልማዴን ከሻንጣዬ ጋር ይዤ ኩዌት መጣሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሚሽሪፍ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት፣ አንድ ማዳም። ከአረብኛ ሁሉ በፊት የለመድኩት «ማኩ ሙሽኪላ» የሚለውን ነው፤ ችግር የለም ማለት ነው። እንግዳው በአሥር ሰው ጨመረ? ማኩ ሙሽኪላ። መስኮቱ ዛሬውኑ ይወልወል? ማኩ ሙሽኪላ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሳሎኑን ምንጣፍ ከላይኛው ፎቅ ብቻዬን ተሸክሜ ስወርድ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ማዳም ከታች ሆና «ሐዋ፣ ምንድነው እሱ?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዳና ልውሰዳችሁ። ዳና የማዳም ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ኳስ ትጫወታለች። ስትጫወት ዝም ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ግራ እግሯ ኳሱን ሲነካው እኔ እንኳ፣ በሕይወቴ የጨርቅ ኳስ ያልመታሁት ሴትዮ፣ ከአግዳሚው ወንበር ብድግ እላለሁ። እናቷ መሥሪያ ቤት ስለምትውል ልምምድ የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ያደርሰናል፣ እኔ ቦርሳና ውኃ ይዤ ዳር እቀመጣለሁ። አሰልጣኟን ሁሉም «ኮች» ነው የሚላት። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ፊሽካዋ ከአንገቷ የማይወርድ ሴት ናት። ይህቺ ኮች ነች እንግዲህ በየቅዳሜው ለእናቶች ስልክ መጠይቅ መላክ የጀመረችው።

መጠይቁ ላይ ሦስት ፊቶች አሉ፤ የሚስቅ አረንጓዴ፣ ግራ የገባው ቢጫ፣ የሚያለቅስ ቀይ። ከሥራቸው የሰው ምስል አለ፤ ልጅቷን ያመማትን ቦታ በጣት መንካት ነው። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ?» ይላል። ትኩሳትም ይሁን ሳል፣ ወለምታም ይሁን ቁስል፣ ሁሉም ይመዘገባል። ማዳም «ትንሹ ሕመም ሳይብስ ለመያዝ ነው አሉ» ብላ አስረዳችኝና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንቺ ሙዪው።» እውነቷን ነው። ካልሲዋን የማጥበው እኔ፣ ሳሏን የምሰማው እኔ፣ ምሳዋን ሳትበላ ስትመልሰው የማየው እኔ። ከቁጥሩ በቀር ፊደሉን ባላነብም ፊት ማንበብ ማን ይከለክለኛል?

አረንጓዴውን ተጫንኩ። ዳና ስትስል የሰነበተች ሳምንትም አረንጓዴ። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ባለ ሳምንትም አረንጓዴ። ሆዷን ቆርጧት ሁለት ቀን የተኛችበትም ያው አረንጓዴ። ወላሂ፣ መዋሸቴ አልነበረም! ሰው ከሩቅ አክብሮ «ልጅቱ ደህና ናት?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም፣ ተቅማጥ ይዟታል» ይባላል እንዴ? እኔ መጠይቅ እየሞላሁ አልነበረም፤ ሰላምታ እየመለስኩ ነበር። ይባስ ብሎ ኮች አንድ ቀን ማዳምን «ከቡድኑ ሁሉ ጤነኛዋ ያንቺ ልጅ ናት፤ ምን ብታበሏት ነው?» አለቻት። ማዳም በኩራት ወደኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ በሆዴ ግን ኮርቻለሁ።

ከዚያ ጉልበቷ መጣ።

ማክሰኞ ከልምምድ ስንመለስ ምንም አላለችም። ረቡዕ ጠዋት ግን ደረጃውን በጎኗ ወረደች። እኔ ደረጃ አውቃለሁ፤ ያንን ደረጃ ዘጠኝ ዓመት ስወለውለው ማን በምን እግሩ እንደሚረግጠው ለይቻለሁ። ሱሪዋን ሰብሰብ ሳደርግ ግራ ጉልበቷ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። «ሐዋ፣ በአላህ አትንገሪ» አለችኝ እጄን ይዛ። ለካ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ከሱራ ሰፈር ልጆች ጋር የዋንጫ ጨዋታ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳይ አንጀቴ አልቻለም። የቀዘቀዘ ባሚያ ከነከረጢቱ ከፍሪጅ አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ቅዳሜ ደረሰ፤ መጠይቁ መጣ። ጣቴ ለምዶበታል፤ አረንጓዴ። እስከዚያ ቀን ልማድ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ውሸት ሆነ፤ ልዩነቱን ሆዴ ያውቀዋል።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ዳር ተቀምጬ አየኋት። ትሮጣለች፤ ዞር ስትል ግን ፊቷ ጭምድድ ይላል፤ ኮች ስታያት ደግሞ ፈገግ። «ደህና ነሽ?» ትላታለች ኮች፤ «ማኩ ሙሽኪላ!» ትላለች ዳና። ክው አልኩ። ይህን ቃል ከእናቷ የሰማችው መሰላችሁ? የእኔ ቃል ነው፤ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ በእጄ ያጎረስኳት። ወገቤ እዚያው ወንበሩ ላይ ጠቅ አደረገኝ። ሦስት ዓመት የደበቅኩት ወገብ ይኸው ጎንበስ ብዬ ጫማ እንዳላነሳ ከልክሎኛል። ይህቺ ልጅ በዚህ ጉልበት ያን ሐሙስ ከተጫወተች ኳስ የሚባል ነገር ዳግመኛ ላትነካ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ የኛ ሰዎች፤ ብለው ብለው ራሳቸው ይደብቃሉ እንጂ።

ዳና ሳምንቱን ሙሉ ለመነችኝ፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ባሚያ አቀረብኩ። ጨዋታው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ማዳም እንደልማዷ ስልኩን ሰጠችኝ። ቢስሚላህ ብዬ ቀዩን ተጫንኩ። ከዚያ የምስሉን ግራ ጉልበት ነካሁ። ከመቼ ጀምሮ? አሥራ አንድ ቀን። ላኩት።

ጉድ ፈላ! ኮች ወዲያው ደወለች። ማዳም ወጥ ቤት ገባች፤ ዳና ከኋላዋ፣ እያለቀሰች፣ «ከሃዲ!» እያለችኝ። ማዳም ግንባሯን ቋጥራ «አሥራ አንድ ቀን አውቀሽ ዝም አልሽ? ባለፈው ሳምንት ደህና ናት ብለሽ ላክሽ?» አለች። ዛሬ ነው የምባረረው ብያለሁ። በዚህ መሀል ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው፣ የዳና አያት። ማዳም ጉሮሮዋን ጠረገችና «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን! ዳናም ደህና ናት፣ ማኩ ሙሽኪላ» አለቻቸው። ይህን ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ስልኩን ዘጋችና «ልብስሽን ልበሽ፤ ሐኪም ጋ አብረሽን ትሄጃለሽ» አለችኝ። ስለ አሥራ አንዱ ቀን ከዚያ ወዲያ አላነሳችብኝም።

ሐኪሙ ጅማቱ ተጎድቷል እንጂ አልተበጠሰም አለ። ሐሙስ ብትጫወት ኖሮ ይበጠስ እንደነበር፣ አሁን ግን ስድስት ሳምንት ብታርፍ እንደሚድን ነገረን። የሱራ ልጆች ዋንጫውን ወሰዱ። ዳና አኮረፈችኝ፤ ምግብ ሳቀርብላት ለሳህኑ ነው የምታመሰግነው። ስታኮርፈኝ ከፋኝ፣ አልዋሻችሁም፤ ልጅ ስታሳድጉ የሌላ ሰው ልጅ መሆኗን ትረሳላችሁ።

ካኮረፈችኝ በሁለተኛው ቅዳሜ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ «ሐዋ፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። የእናቷን ስልክ ይዛለች። ታረቀችኝ ብዬ ደስ እያለኝ ተቀመጥኩ።

«ያመመሽ ነገር አለ?»

«ማኩ!»

«ደረጃውን በጎንሽ ነው የምትወርጂው» አለችኝ። ለካ እሷም ደረጃ ታውቃለች። ቀዩን ተጫነች፤ ምስሉን አዙራ ወገቡን ነካች። ከመቼ ጀምሮ ስትለኝ ሦስት ዓመት አልኳት፤ ጨዋታ መስሎኝ ነው። እሷ ግን ስሜን ጽፋ ላከችው።

ኮች ምን ብላ ብትመልስ ጥሩ ነው? «ይህቺ ተጫዋች ሐኪም ሳያያት ሜዳ እንዳትገባ፤ ከባድ ነገርም እንዳታነሳ።» ማዳም መልእክቱን ጮክ ብላ አነበበችው፤ እኔን አየች፣ ፎቁን አየች፣ ምንጣፉን አየች። እሑድ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። አሁን ምንጣፉን የሚያወርደው ሾፌሩ ነው፤ እየተነጫነጨ ቢሆንም ያወርደዋል። ዘጠኝ ዓመት ያላገኘሁትን እረፍት ኳስ ተጫዋች ስባል አገኘሁት።

አርብ እናቴ ከወረባቦ ደወለች። «አማን ነሽ ልጄ?» አለች። አፌ «አልሐምዱሊላህ» ሊል ሲል ያቺ አረንጓዴ ፊት ትዝ አለችኝ።

«እማ፣ ወገቤን ያመኛል» አልኳት።

የያዘችውን ዕቃ መሬት ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ። ኮችን አታውቃትም እኮ!

«ሦስት ዓመት።»

ቀስ ብላ «እኔም ጉልበቴን አራት ዓመቴ ነው» አለችኝ።