የእቴቴን ቤት መዘጋት ለማጽናት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ቦታ፦ ትንሹ አዳራሽ (ትልቁ ቀለም እየተቀባ ነው)
ሰዓት፦ 3፡00 ተብሎ 3፡20

የተገኙ፦ ሊቀመንበሩ ከልጅ ልጃቸው ጋር፤ የሒሳብ ሹሟ ከመንታ ልጆቻቸው ጋር፤ ሜትር ከእጃቸው ስለማይለይ "አቶ ሜትር" የሚባሉት ተቆጣጣሪ ከሴት ልጃቸው ጋር፤ ይህን የሚጽፈው ጸሐፊ ጭኑ ላይ ከተኛው ልጁ ጋር፤ አቤቱታ አቅራቢዋ እቴቴ።

አባላቱ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት የሰፈሩን ብቸኛ የሕፃናት ማቆያ፣ ማለትም የእቴቴን ቤት፣ ስለዘጋ ነው። ይህ እንደ ምክንያት እንጂ እንደ ወቀሳ እንዳይያዝ ሊቀመንበሩ አሳስበዋል። ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። አምስተኛው አባል ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ቀርተዋል።

አጀንዳ 1፦ የእቴቴ አቤቱታ

እቴቴ ቆመው እንዳስረዱት ቤታቸው የተዘጋው መስኮቱ ከመመሪያው በአንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ በመገኘቱ ነው። "በዚህ ሳምንት ካልተከፈተልኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ ሌላ ከተማ እህቴ ዘንድ እገባለሁ፤ ከዚያ ልጆቻችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ አሳድጉ" ብለዋል።

አቶ ሜትር በበኩላቸው መስኮት ሕፃን የማይደርስበት፣ ነገር ግን ሕፃን ወደ ውጭ የሚያይበት መሆን እንዳለበት ከመመሪያው አነበቡ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሲጠየቁ ሥራቸው መለካት እንጂ ማሰብ አለመሆኑን መልሰዋል።

እቴቴ የወላጆቹ ድጎማ እንኳ እንዲለቀቅ ጠየቁ። የሒሳብ ሹሟ እንዳብራሩት ድጎማ የሚሰጠው ልጁን ፈቃድ ባለው ቤት ለሚያውል ቤተሰብ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ድጎማ የሚያገኙ ልጆች ለሚውሉበት ቤት ነው። እቴቴ "ታዲያ የትኛው ይቅደም?" ሲሉ ጉዳዩ ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ። ንዑስ ኮሚቴው አምስተኛው አባል ናቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቤቱ እንደተዘጋ እንዲቆይ ተወሰነ። እቴቴ ተቀመጡ። የጸሐፊው ልጅ መራመድ የጀመረው እሳቸው ቤት ነው። ቢሆንም ጸሐፊው እጁን ከሌሎቹ ጋር አውጥቷል።

አጀንዳ 2፦ መመሪያውን ስለማጥበቅ

እቴቴ "የጎረቤት ልጅ ነው የያዝኩት" ብለው እንዳያመልጡ አቶ ሜትር ያቀረቡት አንቀጽ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ ከአራት በላይ ሕፃናት ከሁለት ሰዓት በላይ የቆዩበት ማንኛውም ክፍል ማቆያ ነው፤ ፈቃድ ከሌለው እዚያው በዚያው ይታሸጋል።

እቴቴ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ስብሰባው ከተጀመረ ሁለት ሰዓት አልፏል። ከዚያ ልጆቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ አምስት። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" አሉ። ይህ አባባል በቃለ ጉባኤው እንዳይያዝ ሊቀመንበሩ አዘዋል።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

የሒሳብ ሹሟ የተኛ ሕፃን እንዳይቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። እጅ ሲወጣ የጸሐፊው ልጅ ነቅቶ ጮኸና ተቆጠረ። አቶ ሜትር የአዳራሹን መስኮት ለኩ፤ ሁለት ስንዝር ዝቅ ይላል። "ሕግ ሕግ ነው" ብለው የማሸጊያ ወረቀታቸውን ቢያወጡ ግማሹን ሴት ልጃቸው አኘከችው።

ሊቀመንበሩ ላብ እያጠመቃቸው፣ አዳራሹን ከመታሸግ የሚያድነው ፈቃድ ያለው ተንከባካቢ ብቻ መሆኑን አስገነዘቡ። ሁሉም ወደ እቴቴ ዞረ።

"እቴቴዬ፣ በሞቴ..." አሉ የሒሳብ ሹሟ።

"መጀመሪያ ቤቴን" አሉ እቴቴ።

ውሳኔ፦ ከአጭር ውይይት በኋላ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቱን የዘጋው ውሳኔና የመስኮቱ አንቀጽም ጭምር ተሽሯል። ፈቃዱና ድጎማው አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም የጠየቀ የለም።

ስብሰባው 5፡35 ላይ ተበተነ። እቴቴ አምስቱን ልጆች እጅ ለእጅ አያይዘው ሲወጡ ሊቀመንበሩ "እኛስ ምን እንሁን?" ብለው ጠየቁ። እቴቴም እነሱን ለማቆየት ፈቃድ እንደሌላቸው ገልጸው በሩን ዘግተዋል።